ችግሩ ጆሮሽ ነው ተባልኩ

አሁን ነው የገባሁት። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ይህን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ ታገሱኝ።

አዎ፣ ተመልሼ ሄድኩ። ቅዳሜ ኢርፎን የገዛሁበት እዚያው ሱቅ። "ተይው፣ ትርፉ ንዴት ነው" ያላችሁኝ ሁሉ ልክ ነበራችሁ። ደስ ይበላችሁ።

ልጁ ገና ከበር ስገባ አወቀኝ። ማወቁን በምን አወቅሽ ብትሉኝ፣ ፊቱን ወደ ስልኩ አዞረ። ቅዳሜ ዕለት "እህቴ ግቢ፣ ቁጭ በይ፣ ውሃ ይምጣልሽ?" ሲለኝ የነበረ ልጅ እኮ ነው! ዛሬ ውሃው ቀርቶ ወንበሩም የለም። ወንበሩ ላይ የካርቶን ክምር ተቀምጧል።

"ወንድሜ፣ ቅዳሜ ከአንተ የወሰድኩት ኢርፎን ነው" አልኩት።

"እ።"

"ድምፁ ልክ አይደለም። ቤዝ፣ ያ ወፍራሙ ድምፅ፣ የሚባል የለውም። ደግሞ ሁለት እርምጃ ስራመድ ከጆሮዬ ይወድቃል።"

ተቀበለኝ። ስልኩ ላይ ሰካው። ከዚያ፣ እባካችሁ ይህቺን ልብ በሉልኝ፣ የራሱ ጆሮ ውስጥ ከተተው። የእኔን ኢርፎን! ሳይጠርግ፣ ሳይጠይቅ። ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ወዘወዘ። "ቆንጆ ነው" አለ።

ቅዳሜ "ከመግዛቴ በፊት ልሞክረው" ብለው ምን ነበር ያለኝ? "እህቴ፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባ ዕቃ አይሞከርም፣ ለጤና ጥሩ አይደለም።" አምኜው ነበር እኮ! ንጽሕናው አስደስቶኝ ነበር።

"ለእኔ ይሠራል" አለ።

"ላንተ አይደለማ የገዛሁት።"

"እስኪ አድርጊው።"

አደረግኩት። ቀኙ ወዲያው ወደቀ። ግራው ትንሽ አሰበና ወደቀ።

የስልኩን መብራት አበራ። ወደ ጆሮዬ አስጠጋ። እዚያ መሀል ሱቅ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ጎንበስ ብሎ መረመረኝና "ችግሩ ጆሮሽ ነው" አለ። "ቀዳዳው ጠባብ ነው።" ይህም አልበቃው። ከጀርባ ያለውን ልጅ "ና እስኪ ይህቺን እይ" ብሎ ጠራው። ያኛውም መጥቶ አየ። "የልጅ ጆሮ ነው ያላት" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጓደኛው። ስክሪን ፕሮቴክተር ሊያስለጥፍ የቆመ አንድ ሰውዬም አንገቱን አሰገገ። "እኔ ብሆን ሐኪም አሳየው ነበር" አለኝ። ከልቡ ነው። አዝኖልኝ ነው።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ይዤው የኖርኩት ጆሮ ነው። እናቴ እንኳ አንድ ቀን ነቀፌታ አላወጣችለትም። የጆሮ ጌጥ ያምርበታል። በ3,500 ብር ሄጄ አሰደብኩት።

እሺ፣ ቆይ፣ ስለ ዕቃው ላስረዳችሁ። በጆሮ ውስጥ የሚገባ ኢርፎን ማለት ጫማ ነው። ሳይለካ አይገዛም። ጫፉ ላይ ያለችው ጎማ የጆሮን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጋ ካልዘጋች ቤዙ ሾልኮ ይወጣል። የቀረው ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ። የ25 ሺህ ብር ኢርፎን ይሁን፣ ጎማው ካልገጠመ ከመንገድ ዳሩ አይሻልም። ለዚህ ነው ከካርቶኑ ጋር ሦስት ጥንድ ጎማ የሚመጣው፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ። የሰው ጆሮ ደግሞ ቀኝና ግራው እንኳ እኩል አይደለም። የእኔ ቀኙ ከግራው ይጠባል። ይህን ያወቅኩት በዚህ ሳምንት ነው። ባላውቀው ይሻለኝ ነበር።

እኔ እንግዲህ ድምፅ የምፈትሸው በበገና ነው። ሳቁ። በገና ላይ እያንዳንዱ አውታር ሥር ትንሽ ቆዳ ትገባለች፣ ያ ዝዝዝ የሚለው ንዝረት ከእሷ ነው የሚመጣው። ደህና ኢርፎን ከሆነ ያ ንዝረት ከራስ ቅል ውስጥ የሚነሳ ነው የሚመስለው። መጥፎ ከሆነ ዝንብ ነው። ቅዳሜ ማታ ቤቴ ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ሻይ አፍልቼ ከፈትኩት። ዝንብ። አሥር አውታር ሙሉ ዝንብ።

ስለ ሦስቱ ጥንድ ጎማ ጠየቅኩት። "ምን ጎማ? የመኪና ነው?" አለና ጓደኛውን አየ። ሳቁ። ስክሪን ፕሮቴክተሩ ሰውዬም ሳቀ፣ ከዳኝ።

ካርቶኑን አወጣሁ። ጎኑ ላይ ሦስቱም ጥንድ ተስለዋል። በጣቴ አሳየሁት። እኔ የደረሰኝ አንድ ጥንድ ነው፣ ትልቁ። የካርቶኑ አፍ ደግሞ በፕላስተር ተለጥፏል። ቅዳሜ አይቼው ነበር። "ለጥንቃቄ ነው" ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ትንሿን ጎማ ለሌላ ሰው ሸጧታል። ለሌላ የልጅ ጆሮ ላላት ምስኪን።

"እንደዚያ ነው የመጣው፣ እናቴ" አለኝ።

እናቴ! ቅዳሜ እህቱ ነበርኩ። በአራት ቀን ውስጥ እናቱ ሆንኩ። አንድ ሳምንት ብዘገይ ኖሮ "እማማ፣ እጅዎን ልያዝዎት" ይለኝ ነበር።

ለነገሩ ለዚህ ያበቃኝ "መካከለኛ" የሚባለው ነገር ነው። ርካሹን ጠግቤዋለሁ። ሱቅ በደረቴ የሚይዙትን የ250 ብሩን በዓመት አራት ጊዜ እገዛለሁ፣ በሦስተኛው ወር አንዱ ጎን ዝም ይላል። ውዱን አልችለውም። መሀሉን ልያዝ አልኩ። የቢሯችን ልጅ፣ ታውቁታላችሁ፣ ስለ ድምፅ ካወራ የማያቆመው፣ አስረዳኝ። ሙንድሮፕ ቹ፣ ሰቨን ኸርዝ ዜሮ የሚባሉ ባለ ገመድ የቻይና ኢርፎኖች እዚያ በ20 ዶላር ገደማ እንደሚሸጡና ለዋጋቸው የሚደነቅ ድምፅ እንዳላቸው ነገረኝ። 20 ዶላር! ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ቢሆን በባንክ ዋጋ 1,200 ብር አይሞላም ነበር። ዛሬ ከእጥፉ በላይ ነው። በዚያ ላይ የአምጪው፣ የሻጩ፣ የመሀል ሰውየው ይጨመርበታል። የቨርጂኒያዋን የአክስቴን ልጅ "በሰው ላኪልኝ" ብያት ነበር። የጠየቅኳት የጆሮ ነው። የመጣልኝ ቫይታሚን ነው።

ሱቅ ስትገቡ ደግሞ መካከለኛ የሚባል የለም። ወይ "ይህ ለሠራተኛ ይሆናል" ይሏችኋል (እኔ ምንድነኝ?)፣ ወይ መስታወት ቤት ውስጥ የተቆለፈውን ያሳዩአችኋል። ስለ ድምፁ ስትጠይቁ ካርቶን ያነብላችኋል። "ከ20 እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ነው፣ ከባድ ዕቃ ነው" አለኝ ልጁ ቅዳሜ፣ እንደ ምሥጢር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ወንድሜ፣ እሱ የሰው ልጅ ጆሮ የሚሰማው ልክ ነው! በሁሉም ካርቶን ላይ ተጽፏል። በ250 ብሩም ላይ ተጽፏል። "ኖይዝ ካንስል ያደርጋል" አለኝ። ባትሪ የሌለው ባለ ገመድ ኢርፎን በምን ጉልበቱ ነው ጫጫታ የሚያጠፋው? ጫጫታ የሚቀንስለት ያው ጎማው ጆሮ ላይ ሲገጥም ነው። ጎማው ደግሞ የለም።

የስልኬንም የኢርፎን መሰኪያ ቀዳዳ ሰደበው፣ ልረሳው ነው። ቅዳሜ ስልኬን ሳወጣ "ውይ፣ አሁንም ቀዳዳ ያለው ስልክ አለ እንዴ?" አለ። አለ። አፕል በ2016 እ.ኤ.አ. ከአይፎን 7 ላይ ደፈነው ብሎ እኔም መድፈን አለብኝ? ብሉቱዙን ለምን አትገዢም ትሉኛላችሁ። ቻርጅ የምታደርጉት ነገር አልበዛባችሁም? እኔ ሰፈር መብራት ስንቴ እንደሚጠፋ እያወቃችሁ? አንዱ ታክሲ ውስጥ ቢወድቅ ደግሞ ማን አጎንብሶ ይፈልግልኛል? ገመድ ቢያንስ ይዞ ያስቀራል።

ታክሲ ስል፣ ይህን ሁሉ ስቃይ ለምን እንደምሰቃይ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ጠዋት ጠዋት። ሾፌሩ የራሱን ይከፍታል። ኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ቲክቶክ ያለ ኢርፎን ያያል፣ እያንዳንዷን ቪዲዮ ሦስት ሰከንድ። ሳቅ፣ ስብከት፣ ጭፈራ፣ ማስታወቂያ፣ ሳቅ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ በላውድ ስፒከር ከልጇ ጋር ትጣላለች። ልጇ ልክ ነው፣ በነገራችን ላይ። ይህን ለማጥፋት በማይገጥም ኢርፎን ድምፁን እስከ ጫፍ ነው የምከፍተው። የዓለም ጤና ድርጅት በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ድረስ ነው የሚፈቅደው፤ ከዚያ ከፍ ባለ ቁጥር ሰዓቱ በጣም ያጥራል። የእኔ ሰዓት ማክሰኞ ላይ ሳያልቅ አይቀርም። ጠባብ ነው የተባለው ጆሮ ደንቆሮም ሊሆን ነው።

ወደ ሱቁ ልመለስ፣ ገና አልጨረስኩም።

ግድግዳው ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ይላል። እኔ ግን ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሕግ የተማረችው ጓደኛችን ማታ አስጠንታኛለች። ጉሮሮዬን ጠራርጌ "በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል" አልኩ። በአንድ ትንፋሽ። ሱቁ ጸጥ አለ። እውነቴን ነው፣ ለሦስት ሰከንድ አሸነፍኩ።

"ደረሰኝ አለሽ?" አለኝ።

የለኝም። ለምን የለኝም? ቅዳሜ "በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ይጨመራል፣ ያለ ደረሰኝ እንጨርሰው" ሲለኝ እሺ ስላልኩ ነዋ! 525 ብር ላተርፍ። ብልጥ ነኝ ብዬ። የመንግሥትን ታክስ አብረን በላን፣ አሁን እኔን ብቻዬን አነቀኝ። እዚህ ላይ አትምከሩኝ፣ አውቀዋለሁ።

ዝም ስል ጊዜ ልጁ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ ካርቶን አወረደ። ሮዝ ነው። ከላይ የሚደረግ ትልቅ ሄድፎን፣ የድመት ጆሮ ያለው። የድመቷ ጆሮ መብራት ይበራል። "ላንቺ ይሄ ነው የሚሻልሽ። ጆሮ ውስጥ አይገባም። 900 ብር፣ ላንቺ 850።" አስቡት! ጆሮሽ ችግር አለበት ብሎኝ ሲያበቃ ሁለት ተጨማሪ ጆሮ ሊሸጥልኝ ነው።

ካርቶኔን ይዤ ስወጣ ከኋላዬ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሲቆይ ይለምደዋል!"

ይህቺ "ይለምደዋል" እኮ ናት የገደለችኝ። 37 ቁጥር እግር ይዤ 36 ጫማ ሲሸጡልኝ "ይሰፋል፣ ይለምዳል"። ሰፊዋ የቀሚሴን ብብት አጥብባ "ስትለብሺው ይለምዳል"። አከራዬ በሩ አይዘጋም ስላቸው "እንጨት ነው፣ ክረምት ሲገባ ይለምዳል"። ክረምት ገባ፣ በሩ ጭራሽ አልከፈትም አለ። ሁሉም ዕቃ ልኩ ነው። ልክ ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ።

እና አሁን ምን ሆነ መሰላችሁ። ይህን እየጻፍኩ መሀል ላይ ተነስቼ መሳቢያዬን በረበርኩ። የሞተ የ250 ብር ኢርፎን አገኘሁ፣ ከመገናኛው ሱቅ በደረቴ የገዛሁት። ቀኙ ላይ ሚጢጢ ጎማ አለች። ቢጫ ሆናለች፣ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። በሳሙና አጠብኳት፣ በፎጣ አደረቅኳት፣ ከአዲሱ ላይ ትልቁን ነቅዬ እሷን አጠለቅኩ። ለትንሽ አልሆን ብላ በጥፍሬ ገፋሁላት። ጆሮዬን ወደ ላይ ሳብ አድርጌ ከተትኩት።

ገጠመ። ዘጋ። የውጪው ውሻ ጠፋ። በገናውን ከፈትኩ።

ዝዝዝዝ። ከራስ ቅሌ ውስጥ።

ዕንባዬ መጣ፣ ዋሸሁ እንዴ? ዕቃው ደህና ነበር ማለት ነው። ጆሮዬም ደህና ነበር። በመሀላችን የጠፋችው አንዲት የባቄላ ፍሬ የማታክል ጎማ ነበረች።

ግን የአሮጌው የግራ ጎማ የለችም። ባለፈው ወር ታክሲ ውስጥ ነው የወደቀችው። ስለዚህ አሁን በቀኜ በገና፣ በግራዬ ዝንብ እየሰማሁ ነው የምጽፍላችሁ።

ትንሹን ቁጥር ጎማ ለብቻው የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ፣ ሜክሲኮም ይሁን መርካቶ ውስጥ ለውስጥ፣ ጻፉልኝ። አንድ ፍሬ ይበቃኛል። "ኤርፖድ ግዢ" ልትሉኝ ያሰባችሁ ግን አትጻፉ፣ ዛሬ አልችልም።