አቦ፣ መዶሻውን አስቀምጡት

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንዲት ትንሽ ብረት ፍለጋ ድሬን አስሼአታለሁ። ከከዚራ መጋላ፣ ከመጋላ ሳቢያን፣ ከሳቢያን ተመልሼ ቀፊራ። ብረቷ ከትንሽ ጣቴ አትበልጥም። በአንድ ጎኗ ተሞርዳ ጠፍጣፋ ሆናለች፤ ቀጭኑ ጫፏ ላይ ዳዶ (የብሎን ማሰሪያ) ይታሰርባታል። ሥራዋ የብስክሌትን ፔዳል ክንድ ከመሃለኛው ፔርኖ፣ ማለትም ክንዶቹን ከሚያዞረው ዘንግ ጋር አጥብቆ መያዝ ነው። ሽብልቅ ናት በቃ። ለግራ አንድ፣ ለቀኝ አንድ። እሷ ስትበላ በረገጥክ ቁጥር ፔዳሉ "ቋ" ይላል።

ብስክሌቱ የአባቴ ነው። ጥቁር ፎኒክስ፣ ባለ 28። ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ ነው የሚይዘው። አባቴ ምድር ባቡር ሲሠራ ጠዋት ጠዋት በሱ ነበር የሚሄደው። እኔን ደግሞ ፊት ለፊት ቧንቧው ላይ ጨርቅ አንጥፎ፣ አስቀምጦ፣ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። ድሬ ሜዳ ናት። እንደ ሐረር ዳገት የለባት፣ ማርሽ አያስፈልጋት። በከዚራ ጥላ ሥር በዚህ ብስክሌት መሄድን የሚያህል ነገር እኔ አላውቅም። ስለዚህ "አሮጌ ነው፣ ሽጠውና ቻይና ማውንቴን ግዛ" የምትሉኝ ሰዎች፣ እባካችሁ ተዉኝ። ብስክሌቱ ደህና ነው። አካሉ አልተሰነጠቀም፣ ቸርኬው (ጎማው የሚቀመጥበት ክብ ብረት) አልተጣመመም። የጎደለው ሽብልቅና የሚያወጣት መሣሪያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ብሶቴ ልግባ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጠጋኝ "አቦ ቀላል ነው፣ ሁለት ደቂቃ" አለኝ። ዳዶውን ፈታ። ከዚያ መዶሻ አነሳ። "ቆይ፣ ከሥር ብረት ደግፈው" አልኩት። ሳይሰማኝ አሳረፈበት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። የሽብልቋ ጫፍ እንደ እንጉዳይ ተደፈጠጠ፤ ዳዶው የሚጠመጠምበት ጥርሷ አለቀ። ከዚያ በኋላ በምንም አትወጣም፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ተቀርቅራ ቀረች።

ይኼን ነገር አንዴ በደንብ ላስረዳ፤ ሁሉም የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነውና። የፔዳሉ ክንድ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ በመዶሻ ስትመታው ኃይሉ ሽብልቋ ላይ አይቀርም። በፔርኖው አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። እዚያ ውስጥ በየጎኑ 11፣ 11 የብረት ብይ አለ፤ እያንዳንዷ የሩብ ኢንች ናት። ብዮቹ የተቀመጡበት ሳህን ላይ ምቱ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሠራል። ከዚያ ወዲያ አዲስ ሽብልቅ ብታስገባ፣ አዲስ ግሪስ ብትቀባ፣ ፔዳሉ ሲዞር ጠጠር እንደሚፈጭ ይንኮሻኮሻል። ከክንዱ ሥር አንድ ወፍራም የብረት ቧንቧ መሬት ላይ አቁሞ ቢደግፈው ኖሮ ምቱ ወደ መሬት ይሄድ ነበር። አንድ ቁራጭ ቧንቧ! ስንት ያወጣል?

ትክክለኛው መሣሪያ ግን መዶሻ አይደለም። እንደ ትንሽ ሞርሳ ያለች ነገር ናት። በአንድ በኩል ሽብልቋን ትገፋለች፣ በሌላው በኩል ክንዱን ትይዛለች። ቡሎኗን ስታጠብቀው ሽብልቋ "ጧ" ብላ ትወጣለች። ስትገባም በሷው ተጭና ነው መግባት ያለባት። ዳዶው ይዞ ለማቆየት እንጂ ስቦ ለማስገባት አይደለም። በዳዶ ስበው ሲያስገቧት ነው ጥርሷ የሚያልቀው።

ሁለተኛው ባለ ሱቅ ሽብልቅ አለኝ አለ። ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ቤት ወስጄ ስለካት 9 ሚሊ ሜትር። የኔ 9.5 ነው። እንግሊዞቹና የነሱን አሠራር የተከተሉት 9.5 ናቸው፤ አንዳንዶቹ የአውሮፓ ብስክሌቶች ደግሞ 9፣ ከዚያም ያነሰ አላቸው። ተመልሼ ስነግረው "ግማሽ ሚሊ ምን ያደርጋል? በቆርቆሮ ጠቅልላት" አለኝ። የለስላሳ ቆርቆሮ ቆርጦ ሊጠቀልልልኝም ተዘጋጅቶ ነበር። ወንድሜ፣ መላ ሰውነቴ የሚያርፈው እዚያች ላይ ነው! ደቻቱ ድልድይ ላይ ከኋላዬ ባጃጅ እየመጣ ብትንሸራተትስ?

በዚህ መሃል የግራው ፔዳል ክር ላላና አንዱን ወጣት "ይቺንም አጥብቅልኝ" አልኩት። ባለ 15 ሚሊ ቁልፍ ይዞ ወደ ቀኝ ማዞር ጀመረ። የግራ ፔዳል ጥርስ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። በዓለም ላይ ያለ ብስክሌት ማለት ይቻላል ሁሉ እንደዚህ ነው። እየሄድክ ፔዳሉ በራሱ ጊዜ እንዳይፈታ ታስቦ የተሠራ ነው። ነገርኩት። "እንዴት እንዲህ ይሆናል?" አለና ቁልፉ ላይ በእግሩ ቆመበት። ጥርሱን በላው። አልተቆጣሁትም። ልጁ መሥራት ይፈልጋል፤ እጁም ጠንካራ ነው። ግን አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ አላሳየውም። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጎማም ያው ነው። "28 አለ?" ስትል "አለ" ይሉሃል። የኔ ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ከዳር እስከ ዳር 635 ሚሊ ሜትር ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው አዲሱ 28 ግን 622 ነው። ጭራሽ አይገባም። ባለ 26 ያለው ወዳጄ የባሰ ነገር ገጥሞታል፤ የድሮው 26 ልኩ 590 ሚሊ ሜትር ነው፣ የማውንቴኑ 26 ደግሞ 559። ሁለቱም ላይ 26 ተብሎ ተጽፏል። የድሬ ሰው ይኼን ለመረዳት ሊቸገር አይገባም ነበር። አሮጌው ሐዲዳችን ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ አዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር። ሁለቱም ሐዲድ ነው ብሎ አዲሱን ባቡር አሮጌው ላይ የሚያወጣ አለ? ቁጥሩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፎ አለ። እሱን አንብቦ መሸጥ ምን ይከብዳል?

ያም ሆኖ አንድ ሰው አገኘሁ። መጋላ ውስጥ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚሠራ ሽማግሌ። በዕድሜ አባቴ ይሆናል፤ ድሬ ነንና አንተ ተባብለን ነው ያወራነው። ብስክሌቱን አየው። ፔዳሉን በእጁ ወዘወዘ። "ማነው እንዲህ የቀጠቀጠው?" ብሎ ዝም አለ። ከዚያ ከጆንያ ውስጥ ያቺን መግፊያ አወጣ። ራሱ ቶርኖ ቤት ያሠራት ናት። ጥርሷ ያለቀውን ሽብልቅ ጫፏን በሞረድ አስተካክሎ፣ ነጭ ጋዝ አንጠባጥቦ፣ ሻይ ጠጣን። ከዚያ በዝግታ ገፋት። ወጣች። እውነቴን ነው፣ እንባዬ መጣ።

የኋላውን ጎማም ፈትቶ አሳየኝ። በአንድ ጎን 9 ብይ መሆን ሲገባው 8 ናቸው። ሁለቱ አዲስ፣ ስድስቱ ያረጁ። አንዱ ጠጋኝ ጥሎብኝ "ችግር የለውም" ብሎ ዘግቶታል። አዲሶቹ የፀጉር ያህል ስለሚበልጡ ጭነቱን እነሱ ብቻ ይሸከማሉ፤ ቶሎ ይሰነጠቃሉ። ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚቀየሩት። ግሪሱ ደግሞ ከደቻቱ አሸዋ ጋር ተቦክቶ ሊጥ ሆኗል።

ለዚህ ሥራ ቀጭን ቁልፍ ይፈልጋል፤ ውፍረቱ 2 ሚሊ ገደማ። ተራ ቁልፍ መሃል አይገባም። ሽማግሌው የሱ ተሰብሮበታል። "አባትህ ነበረው እኮ" አለኝ። "የምድር ባቡር ሰዎች በሙሉ ነበራቸው።"

ነበረው። ትዝ አለኝ። አረንጓዴ የብረት ሳጥን። ቀጫጭን ቁልፎች በቅባት ጨርቅ ተጠቅልለው፣ የጎማ ሽቦ ማጥበቂያ፣ የክብሪት ቀፎ ውስጥ የተቀመጡ ብዮች፣ በወረቀት የተጠቀለሉ ሽብልቆች። አባቴ ካረፈ በኋላ ቤት ሲጸዳ ሳጥኑ እንዳለ ለቁራሌው ተሰጠ። በኪሎ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የፈለግኩት ነገር እኛው በር ላይ በሚዛን ተመዝኖ ሄዷል። ቤተሰቤን አልወቅስም፤ ማንም ምን እንደሆነ አልነገራቸውም። እኔም ያኔ አልጠየቅኩም።

ስለዚህ ይኼን የምታነቡ የድሬ ልጆች፣ የሐረርም፣ አባታችሁ ወይ አያታችሁ ብስክሌት የነበራቸው ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ከአልጋ ሥር እዩ። ቀጭን ጠፍጣፋ ቁልፍ፣ ባለ ሁለት ጥርስ የኋላ ካቴና ጥርስ መፍቻ፣ ትንሽ ሞርሳ የሚመስል ነገር ካገኛችሁ ለቁራሌ አትስጡት። ካልፈለጋችሁት እኔ እገዛለሁ። ባለ ሱቆች ደግሞ ሽብልቅ ስታመጡ 9.5 ቀላቅሉበት፤ አንድ ካርቶን እንኳ ብታመጡ እኛ ነን የምንጨርሰው። ጠጋኞች፣ ያ ሽማግሌ ለማሳየት ፈቃደኛ ነው። ጠይቄዋለሁ። "ከሰዓት በኋላ ሲበርድ ይምጡ" ብሏል።

ብስክሌቱ አሁን እሱ ጋ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የግራ ክንዱ ወልቋል። 9.5 ሽብልቅ ሁለት፣ ቀጭን 15 ቁልፍ አንድ፣ 635 ጎማ ሁለት። ያየ ሰው በውስጥ ይጻፍልኝ።