እርማት፦ ጥቂት ኪሎሜትር የሄደ አሮጌ የስፖርት መኪና «እንደ አዲስ» አይደለም

«በአዲስ ሃችባክ ዋጋ አሮጌ የስፖርት መኪና ግዙ፤ ቆጣሪው ጥቂት ኪሎሜትር ካሳየ እንደ አዲስ ነው» የሚለው ምክር ሲደጋገም አያለሁ። በቅንነት የተሰጠ ቢሆንም ማጠቃለያው ስህተት ነው። መኪና በመንገድ ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃል። ጎማውና የውሃ ቱቦው ቆመውም ይደርቃሉ፣ ይሰነጠቃሉ፤ የፍሬን ዘይትም እርጥበት ይስባል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የታይሚንግ ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩ ፒስተኖችና ቫልቮች ጊዜ ጠብቀው አብረው እንዲንቀሳቀሱ የሚያደርገው ቀበቶ ነው። አምራቾች የመቀየሪያ ጊዜውን ብዙውን ጊዜ በኪሎሜትርም በዓመትም ይወስናሉ፤ የሚጸናው ቀድሞ የደረሰው ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋር ይጋጫሉ። ያን ጊዜ የጥገናው ወጪ በግዢው ተረፈ የተባለውን ገንዘብ ሁሉ ሊበላው ይችላል።

ስለዚህ ከቆጣሪው በፊት የጥገና መዝገቡን ጠይቁ፤ ቺንጋው የተቀየረበትን ቀን ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጋር አመሳክሩ። (በቺንጋ ፈንታ ሰንሰለት ያላቸው ሞተሮችም አሉ፤ ይህንንም መመሪያው ይነግራችኋል።) የጎማውን ዕድሜ ማወቅ ደግሞ ቀላል ነው። በጎኑ ላይ በላቲን ፊደል «ዶት» ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ፤ 2314 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2014 በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው። አሃዞቹ በአንድ ጎን ብቻ ሊጻፉ ስለሚችሉ በውጭ ካጣችኋቸው በውስጥ በኩል ፈልጉ።