ጣሪያው የማን ነው?

ፈረንሳዮች በእግር መሄድ ይወዳሉ። ትራንስፖርት አጥተው እንዳይመስላችሁ። መኪናቸውን ቤት ትተው፣ የባቡር ቲኬት ቆርጠው፣ ለማደሪያ ከፍለው ነው በእግር የሚሄዱት። ይሄን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «ምነው፣ ምን አጥተው?» አለች። እሷ ባደገችበት አገር በእግሩ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ወይ ገበያ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ስለት አለበት።

ስለት እዚህም ነበር። ከምኖርበት ከሊዮን ብዙ በማይርቀው በለ ፕዊ ከተማ የነበረ ጎዴስካልክ የሚባል ጳጳስ በ950 ገደማ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ተነስቶ ስፔን ድረስ ሄዷል። የሄደው ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ ነው፤ የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት ወደሚባለው ቦታ። ያዕቆብ ያልኩት የዘብዴዎስን ልጅ ነው፣ እኛ ሚያዝያ 17 የምናስበውን። ከዚያ ወዲህ ስንት ተሳላሚ በዚያ መንገድ እንዳለፈ እግዜር ይወቀው። ዛሬ የፈረንሳዩ ክፍል «ዤ ኤር 65» ይባላል። ከለ ፕዊ እስከ ስፔን ድንበር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ የማውቀው የመጀመሪያውን 200 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ኮንክ እስከምትባል መንደር ያለውን ነው።

መንገዱ አይጠፋም። ዛፍ ላይ፣ ድንጋይ ላይ፣ የመብራት እንጨት ላይ ሁለት መስመር ቀለም ተቀብቷል፣ ነጭና ቀይ። ቀለሞቹ ተጠላልፈው መስቀለኛ ከሆኑ «በዚህ አይደለም፣ ተመለስ» ማለት ነው። ይሄን የሚቀቡትና የሚያድሱት በአብዛኛው የእግር ጉዞ ማኅበር በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጡረተኞች ይበዛሉ። ባልዲና ብሩሽ ይዘው ይወጣሉ፣ ቁጥቋጦ ይመነጥራሉ። ደመወዝ የላቸውም።

ለ ፕዊ ራሷ የምታስደንቅ ናት። ከተማው መሀል እንደ ጦር የቆመ የእሳተ ገሞራ ዐለት አለ፣ 85 ሜትር ገደማ ይሆናል። አናቱ ላይ ከአሥረኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ተቀምጧል። 268 ደረጃ ትወጣላችሁ። ደብረ ዳሞን በጠፍር ገመድ የወጣ ሰው ይሄ ሊያስቀው ይችላል፤ እኔ ግን ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል። ጠዋት በአንድ ሰዓት ካቴድራሉ ውስጥ ለተጓዦች ቅዳሴ አለ። ካህኑ ከየት ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቃል፣ ይባርካል። ከዚያ ወለሉ ላይ ያለው የብረት በር ይከፈትና ሰዉ በደረጃው ወደ ከተማው ይወርዳል። ከቤተ ክርስቲያኑ ሆድ ውስጥ የምትወጡ ነው የሚመስላችሁ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቅዳሴውን እያለቀሰች ሰማች። ውጭ ስንወጣ «አማኝ ነሽ?» ብዬ ጠየቅኳት። «አይ፣ በፍጹም» አለችኝ።

ይሄን መልስ በየመንገዱ ነው የምትሰሙት። ተጓዡ ብዙ ነው፣ ተሳላሚው ጥቂት። አንዱ ከትዳር ወጥቶ ነው፣ አንዷ ከሥራ ተሰናብታ፣ ሌላው ልጁ ሞቶበት። እኔ ከእነሱ እሻላለሁ አልልም። ስለት አልነበረብኝም። ዕረፍት ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ጸጥታው ይመጣል። የጫካው አገር አልፎ ኦብራክ የሚባል ደጋ ላይ ስትደርሱ ሣር፣ ድንጋይና ላም ብቻ ነው። ዓይናቸው ኩል የተኳለ የሚመስል ቀያይ ላሞች። እረኛ የላቸውም፣ ሽቦ አጥር ነው የሚጠብቃቸው። «ወዴት ነው?» የሚል ሰው የለም። እኛ አገር ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ለመሻገር የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ ከየት እንደመጣችሁ፣ ማን ጋ እንደምታድሩ ተናዝዛችሁ ነው። ልጆች ተከትለዋችሁ ይሮጣሉ፣ ውሻ ይጮኻል። እዚህ ሰዉ ለዚህ ጸጥታ ይከፍላል። ግን ጸጥታው ከምን እንደመጣ አይታችኋል? በየመንደሩ ለ1914ቱ ጦርነት ሟቾች የቆመ ሐውልት አለ። አንዳንዱ ላይ የተጻፈው ስም ዛሬ በመንደሩ ከሚያድረው ሰው የሚበልጥ ይመስላል። ከጦርነት የተረፈው ደግሞ ሥራ ፍለጋ ከተማ ገባ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ዳቦ ቤቱ ተዘጋ። እኛ «እንዴት ደስ የሚል ሰላም ነው» እያልን እናልፋለን።

ኦብራክ ላይ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተ የተሳላሚዎች ማረፊያ ነበር። መነኮሳቱ ጉም ሲወርድ መንገድ ለጠፋበት ሰው ደወል ይደውሉ ነበር። ይሄን ሳነብ ወዲያው የገባኝ ለምን ይመስላችኋል? መሽቶበት «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ የሰው ደጅ የቆመ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ነው። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የተማረበት አገር ልጅ ነኝ። የላሊበላ ሰው ለገና የመጣውን ተሳላሚ እግር አጥቦ ነው የሚቀበለው። ዛሬ ኦብራክ ላይ አልጋ የሚያዘው በስልክ ነው፣ ያውም ቀደም ብሎ። ራቱ ግን በጋራ ገበታ ነው፣ ደስ ይላል። የጾም ሰው ከሆናችሁ አስቡበት፤ የአካባቢው ዝነኛ ምግብ ከአይብ ጋር የተለወሰ ድንች ነው። ያዳነኝ የለ ፕዊ አረንጓዴ ምስር ነው። በርበሬ የላትም እንጂ ምስር ናት።

አብያተ ክርስቲያናቱ በየመንደሩ አሉ። ዘጠኝ መቶ ዓመት ያለፈው ሞልቷል። በሩን ስትገፉት ይከፈታል። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥበት ይሸታል። እግሬ በልማድ ጫማ ሊያወልቅ ይላል። ጠረጴዛ ላይ ማኅተምና ቀለም ተቀምጧል፣ የመንገደኛ ደብተራችሁ ላይ ራሳችሁ ታትማላችሁ። ሰው የለም። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ብታነቡ እዚህ የሚቀደሰው በወር አንዴ ነው፤ አንድ ካህን ለብዙ መንደር ነውና። ውሃ የሚቀዳው ከመቃብር ስፍራው ቧንቧ ነው። ለአበባ ማጠጫ የተዘረጋ ነው፣ ተጓዥ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ታዲያ ምእመን የሌለው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው እንዴት አይፈስም? አንዱን መንደር ስጠይቅ «ከንቲባው አስጠግኖት ነው» አሉኝ። በ1905 ፈረንሳይ ሃይማኖትና መንግሥትን የሚለይ ሕግ አወጣች። ውጤቱ ግን ያስገርማል። ከዚያ በፊት የተሠሩት የመንደር አብያተ ክርስቲያናት የማዘጋጃ ቤት ንብረት ሆኑ፣ ካቴድራሎቹ ደግሞ የመንግሥት። ካህኑ ይገለገልባቸዋል እንጂ ባለቤት አይደለም። ስለዚህ ቅዳሴ ገብቶ የማያውቅ ከንቲባ በጀት ስብሰባ ላይ ስለ ደወል ቤቱ ስንጥቅ ይከራከራል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ገቢው ለቅርስ ጥገና የሚውል ሎተሪ አለ። ሎተሪ ፍቀው ቤተ ክርስቲያን ያድሳሉ!

ኮንክ የዚህ ሁሉ ምስክር ነው። ገደል ሥር የተደበቀች መንደር ናት፣ ጣሪያው ሁሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ። የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። በ1837 የታሪካዊ ቅርሶች ተቆጣጣሪ የነበረው ፕሮስፔር ሜሪሜ መጣ፣ አየ፣ ለመንግሥት ጻፈ፣ ተጠገነ። ሜሪሜ ሃይማኖት የሌለው ሰው ነበር። ከበሩ በላይ ያለውን የፍርድ ቀን ቅርጽ ያተረፈልን እሱ ነው። 124 ምስል አለበት፣ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራ። ማታ አንድ መነኩሴ ደጁ ላይ ቆሞ ለተጓዡ ይተርከዋል። መሀል ላይ ቅዱስ ሚካኤልና ሰይጣን ሚዛን ይዘው ፊት ለፊት ቆመዋል። ሰይጣን ሚዛኑን በጣቱ ይጫነዋል፣ ያጭበረብራል። እኔ ብቻዬን ሳቅኩ። በላዔ ሰብ ነዋ! የእኛ ሠዓሊ ያን ሚዛን በጥርኝ ውሃ ለእመቤታችን ያዘነበለው፣ የእነሱ ጠራቢ ለሰይጣን ጣት የሰጠው። የኮንክ ገበሬና የጎጃም ገበሬ ማንበብ ሳይችሉ ፍርድን የተማሩት ከአንድ ዓይነት ግድግዳ ነው።

የጎጃሙ ግድግዳ ግን የት አለ? እዚህ ላይ ነው ሆዴን የሚቆርጠኝ። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ሙሉ ናቸው። ቅጥሩ አይበቃም፣ ሰዉ ውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። ካህኑ አለ፣ ዲያቆኑ አለ፣ የበዓል ቀን መቆሚያ የለም። እና በራሳችን ምእመናን እጅ፣ በመልካም ልብ፣ የድሮውን እናፈርሳለን። መንገድ ዳር ጃንጥላ ተዘርግቶ «ለሕንፃ ማሠሪያ» ሲባል የትኛው ሕንፃ እንደሚፈርስ የሚጠይቅ የለም። ክቡ የጽድና የጭቃ ቤት ይነሳል፣ የመቅደሱ ሥዕል አብሮ ይሄዳል፣ በምትኩ ብሎኬት፣ ሴራሚክና የሚያብረቀርቅ ጉልላት ይቆማል። ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከሊዮንም። ላሊበላን ዓለም ያውቀዋል፤ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን በ2019 እዚያ ድረስ ሄደው ለጥበቃው ድጋፍ ቃል ገብተዋል። የአያቴን ሰበካ ማን ያውቀዋል?

ለአገሬው ሰው ፍትሐዊ ልሁን። ዝናብ በሣሩ ሲያልፍ ሥዕሉን የሚያጥበው ውሃ ነው፣ ቆርቆሮ ያዳነው ቤተ ክርስቲያን አለ። ሕዝቡም በዝቷል፣ ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ ቤት ለሁለት ሺህ አይሆንም። ያለፉት ዓመታት ጦርነትና ግጭት ደግሞ ተሳላሚውንም መንገድ ከልክሎታል፤ በዚህ መሀል ስለ ድሮ ግድግዳ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ቢሆንም አዲሱን ከድሮው ጎን ማቆም ይቻላል። ቦታ አለ። ያደረጉ ደብሮችም አሉ።

የትውልድ መንደራችን ማኅበር በቴሌግራም መዋጮ ሲጠይቅ «አሮጌው ይፈርሳል ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። አንዱ «ጭቃ እኮ ነው ወንድሜ» አለኝ። ሌላው «አንተ ፈረንሳይ ሆነህ በአሮጌ ቤት ትራቀቃለህ» አለ፣ ሦስት ሳቅ ጨመረበት። አንድ ቄስ ግን ቁም ነገር ጠየቁኝ። «ልጄ፣ ይቁም ብንልስ ሣሩን ማን ይከድንልናል? የሚያውቁት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፣ አንዱ ዓይኑ ፈዟል።» ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ የኮንክን የድንጋይ ጣሪያ የሚከድኑት ሰዎች ሙያውን ተምረው፣ ተከፍሏቸው ነው የሚሠሩት። የኔን መዋጮ ለሁለቱ ሽማግሌዎች ደመወዝና ለሚማሩ ልጆች ቀለብ እንዲያደርጉት ጻፍኩላቸው። ኮሚቴው «ለሲሚንቶ ብቻ ነው የምንቀበለው» ብሏል፤ ከቄሱ ጋር ግን እየተነጋገርን ነው።