ቤቶች! ኳስ ለማየት ነው

ከለንደን ሉተን በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እኔ ግን እዚያ ለመድረስ ሃያ ምናምን ዓመት ፈጅቶብኛል። አርሰናልን መደገፍ የጀመርኩት በናይጄሪያዊው በካኑ ዘመን፣ ሰፈራችን በነበረች የዲኤስቲቪ ቤት፣ ከምሰሶ ጀርባ ተቀምጬ ነው። ምሰሶውን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ። ቤቷ መሐል ላይ ጣሪያውን የተሸከመ የባሕር ዛፍ ግንድ ነበር። ቀድሞ የመጣ ቴሌቪዥኑን ያያል፣ ያረፈደ ግንዱን ያያል። እኔ ደግሞ የማረፈድ ልማድ አለብኝ። የሄንሪን ጎሎች ግማሹን የማውቃቸው በድምፅ ነው።

እንግዲህ ኅዳር 25 ቀን 2016፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 5 ቀን 2023፣ አርሰናል ከሉተን ታውን ጋር በሉተን ሜዳ ሊጫወት ሆነ። ለንደን ብዙ ዓመት የኖረ የሰፈራችን ልጅ አለ፣ ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው። "ትኬት አለኝ፣ ትሄዳለህ?" አለኝ። ምን ይጠየቃል! በፕሪሚየር ሊግ ለእንግዳ ደጋፊ ከ30 ፓውንድ በላይ ማስከፈል ክልክል ስለሆነ ዋጋውም አያስደነግጥም። ወዲያው አዲስ አበባ ላሉት ጓደኞቼ በቴሌግራም አበሰርኩ። አንዱ "ቪዲዮ ላክ" አለ። ሌላው "ለአሰልጣኙ ለአርቴታ ስጥልኝ" ብሎ ሙሉ አሰላለፍ ላከልኝ፣ ከነተቀያሪው።

ከባቡር ወርደን የምንሄድበት ሰፈር የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ሰዎች ሱቅ የሞላበት ነው። ጨርቅ ቤት፣ ጣፋጭ ቤት፣ የሳምቡሳ ሽታ። ሽታው ራሱ መርካቶ ያስገባል። የገና ጾም ስለነበር የአትክልቱን መርጬ ሁለት ገዛሁና እያኘክሁ ስታዲየሙን ስፈልግ ጋሼ ቆመ።

"ደርሰናል" አለኝ።

"የት?"

"እዚህ።"

ያየሁት ሰፈር ነው። ቀይ ጡብ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተገጥግጠው ቆመዋል። በየደጁ የቆሻሻ ገንዳ፣ አንዱ መስኮት ላይ ብልጭ ድርግም የሚል የገና ዛፍ። ከእነዚህ ቤቶች መሐል ምድር ቤቱ ተቦርቡሮ መግቢያ ሆኗል፣ ከላይ ግን ፎቁ ከነመስኮቱ እንዳለ ነው። የእንግዳ ደጋፊ የሚገባው በዚያ ነው። የፕሪሚየር ሊግ ስታዲየም! እነ ሳካ የሚጫወቱበት! ሌላ ቦታ ብሆን ተሳስተናል ብዬ እመለስ ነበር።

እናቴ ያሳደገችኝ የሰው ቤት ስትገባ ድምፅ አሰማ ብላ ነው። እግሬ ደፉን ሲረግጥ አፌ ራሱ "ቤቶች!" አለ፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ። ፈታሹ አፈጠጠብኝ። ጋሼ "አያውቅም፣ አዲስ ነው" ዓይነት ነገር በእንግሊዝኛ ነገረውና ገፋ አድርጎ አሳለፈኝ። የሚሽከረከረው የብረት በር እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠባብ ነው፣ ወፍራም ጃኬት ለለበሰ ሐበሻ አልተሠራም። በጎን ገብቼ፣ ሆዴን ስቤ፣ አንድ ሳምቡሳ ጨፍልቄ አለፍኩ።

ከዚያ ደረጃ ነው። ደረጃው የሚያልፈው ደግሞ በሰዎች ጓሮ ላይ ነው። ወደ ታች ስታይ የልጆች መጫወቻ፣ የልብስ ገመድ፣ የተገለበጠ ወንበር። አንዷ ሴትዮ ወጥ ቤቷ መብራት በርቶ ድስት ትፈትጋለች። በላይዋ ላይ በመቶ የሚቆጠር ሰው እየጨፈረ ያልፋል፣ እሷ ቀና ብላም አላየችን። የድስቱ ቂጥ አሮ ነበር መሰለኝ፣ ሥራዋ እሱ ነው። እኛ ብንሆን ይህን ጓሮ ለእንግዳ እናሳያለን? ዓለም አቀፍ ስብሰባ ሲመጣ በአንድ ሌሊት ቆርቆሮ አቁመን አረንጓዴ ቀለም እንለቀልቀው ነበር። እነሱ እንግዳውን አሳልፈው አሳልፈው በጓሮ ያስገቡታል፣ ይኮሩበታልም።

የሚኮሩበትም ምክንያት አላቸው። ሜዳው በፈረንጆቹ ከ1905 ጀምሮ እዚያው ነው፣ የሚይዘውም 12 ሺህ ሰው ገደማ ብቻ። ሉተን ድሮ ባርኔጣ የሚሠራባት ከተማ ስለነበረች ቡድኑን "ባርኔጣ ሠሪዎቹ" ይሏቸዋል። ከ1992 በኋላ ከትልቁ ሊግ ወርደው ወርደው አምስተኛው እርከን ድረስ ገቡ። ከዚያ በ2014 ወጥተው በ2023 ፕሪሚየር ሊግ ደረሱ። ዘጠኝ ዓመት! እኔ በዘጠኝ ዓመት መንጃ ፈቃድ አላወጣሁም።

ውስጥ ስንገባ ከመቀመጫው ሥር ባለው ኮሪደር ሰዉ ቢራውን እንደ ኮሶ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጣል። ምን አስቸኮላቸው? ጋሼ አስረዳኝ። በፈረንጆቹ ከ1985 ጀምሮ ሜዳው እየታየህ አልኮል መጠጣት በሕግ ክልክል ነው። ስለዚህ ትልልቅ ሰዎች ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ፣ በጾም ቁርጥ ሲበሉ ንስሐ አባታቸው የደረሱባቸው ይመስል ይሽቀዳደማሉ። ጋሼ ለእኔ በወረቀት ኩባያ ትኩስ ነገር አመጣልኝ።

"ሻይ ነው?"

"ቦቭሪል ነው። ጠጣው፣ ያሞቅሃል።"

አሸተትኩት። ቅቅል! የበሬ ሥጋ መረቅ በኩባያ ቀድተው ይጠጣሉ፣ ያውም ገንዘብ ከፍለው።

"ጾም ነው እኮ ጋሼ። ደግሞ ዛሬ መርቆሬዎስ ነው።"

"ኧረ ባክህ፣ በዚህ ብርድ መርቆሬዎስም ይረዳሃል" አለና የራሱን ፉት አለ። እኔ አልጠጣሁትም። አልጣልኩትምም። እስኪበርድ ድረስ በሁለት እጄ ጨብጬ ሞቅሁት። ይህ ጾም ያስፈታ እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

አሁን ወደ ምሰሶው። ወንበሬን ፈልጌ ስደርስ፣ ከፊት ለፊቴ ጣሪያውን የተሸከመ የብረት ምሰሶ ቆሟል። ልክ ጎሉ ያለበት አቅጣጫ። ባሕር አቋርጬ፣ ቪዛ ለምኜ፣ ባቡር ተሳፍሬ ያው ግንድ ጠበቀኝ። ብቻ ይኼኛው ብረት ነው። መቀመጥማ አይታሰብም፣ እንግዳ ደጋፊ ሙሉውን ጨዋታ ቆሞ ነው የሚያየው። ወንበር ተሽጦልኝ ቆምኩ። አጠገቤ ያለው ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ከኢትዮጵያ፣ አርሰናልንም ከካኑ ጀምሮ ነው ስለው ደስ አለው። እሱ ከአባቱ ነው የወረሰው፣ አባቱም ከአባቱ። እንደ ርስት። የእኔ አባት የጊዮርጊስ ነበር፣ ዝም አልኩ።

ጨዋታው ማታ 2 ሰዓት ከሩብ ተጀመረ፣ አዲስ አበባ 5 ሰዓት ከሩብ ማለት ነው። ኳሷ ከምሰሶው በግራ ትገባና በቀኝ ትወጣለች። አንዳንዴ አትወጣም። በ20ኛው ደቂቃ ሰዉ በላዬ ላይ ተከመረ፣ ጎል መሆኑ ገባኝ። ሪፕሌይ ጠበቅኩ። ለካ ሪፕሌይ የለም፣ ኮሜንታተርም የለም። ስልኬን አውጥቼ ለአዲስ አበባው ጓደኛዬ "ጎል!!!" ብዬ ጻፍኩ። "የምን ጎል? ገና መሐል ሜዳ ናት" አለኝ። ለእሱ ሥዕሉ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ትንሽ ቆይቶ "ማርቲኔሊ ነው፣ አሪፍ ነገር!" አለ። እኔ ጎል መሆኑን አውቃለሁ፣ እሱ የማን ጎል እንደሆነ ያውቃል። ሁለታችን ተደምረን አንድ ተመልካች ወጣን።

እንዲህ እያልን ሄድን። የሉተኑ ኦሾ በኮርና አቻ አደረገ። ጄሱስ አገባልን። ከእረፍት መልስ አዴባዮ ደግሞ ለእነሱ በኮርና። ባርክሌይ 3 ለ 2 አደረጋት፣ ኳሷ በበረኛችን በራያ ሥር ሾለከች አሉ። ሀቨርትዝ አቻ አደረገን። ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ከስልኬ ነው። በዓይኔ ያየሁት የሽማግሌውን ፊት ነው፣ ጎል ሲገባብን እንደ ቲማቲም ይቀላል፣ ስናገባ እኔን በአንገቴ ይይዘኛል።

ጭማሪው አልቋል ብለን ተስፋ በቆረጥንበት በ97ኛው ደቂቃ ኳሷ ከግራም ከቀኝም ጠፋችብኝ። ከዚያ ሰማይ ተደፋ። ሽማግሌው አቀፈኝ፣ ጋሼ ሽማግሌውን አቀፈ፣ የቀዘቀዘው ቦቭሪል ሦስታችንም ላይ ፈሰሰ። ጾሜን በእጅጌዬ ፈታሁ። ስልኬ ጮኸ፦ "ራይስ! በቴስታ! ኦዴጋርድ አሻግሮለት!"

በመጣንበት ደረጃ ስንወርድ ሰዉ ሁሉ ይዘፍናል። የሴትዮዋ ወጥ ቤት መብራት ጠፍቷል፣ ድስቱ መስኮቱ ሥር ተደፍቶ ይታያል። "ደህና እደሩ" አልኩ፣ አሁን ቀስ ብዬ።

ባቡር ላይ እያለን ከአዲስ አበባ ተደወለልኝ። ሌሊት ሰባት ሰዓት አልፏል፣ ግን ክርክር ይዘው ማን ይተኛል። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገውታል። "አንተ እኮ እዚያው ነበርክ፣ እስቲ ፍረድ። ያቺ የባርክሌይ ኳስ የራያ ጥፋት ናት ወይስ አይደለችም?"

ጋሼ አየኝ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ።

"ስሙኝ" አልኩ፣ "በቴሌቪዥን የምታዩትና ሜዳ ላይ ሆነህ የምታየው አንድ አይደለም።"