ማስተካከያ፦ የፎርድ 8ኤን ትራክተር ካርቡሬተር አስተጣጠብና አገጣጠም

ከ1947 እስከ 1952 እ.ኤ.አ. ስለተመረተው ፎርድ 8ኤን ትራክተር ካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ባለፈው የወጣው ጽሑፍ ሁለት ቦታ ላይ ይታረማል።

ዋናው የተንሳፋፊው፣ ማለትም በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረው ክፍል፣ ልክ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ያህል መባሉ ትክክል ነው። «ጋስኬቱ ተነስቶ ይለካ» የሚለው ግን ልክ አይደለም፤ ጋስኬት በክዳኑና በካርቡሬተሩ አካል መካከል የሚገባው ማሸጊያ ነው። ክዳኑን ገልብጡት፣ አዲሱን ጋስኬት ቦታው ላይ አድርጉ፣ ከዚያ ከጋስኬቱ እስከ ተንሳፋፊው ለኩ። ያለ ጋስኬት ከተለካ ቤንዚኑ ከልኩ በላይ ይሞላል። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ያበዛል፤ ካርቡሬተሩም ሊያንጠባጥብ ይችላል። ተንሳፋፊው ጥንድ ስለሆነ ሁለቱም ጎን እኩል መሆናቸውን እዩ። አሮጌ የናስ ተንሳፋፊ ከሆነ ደግሞ ጆሯችሁ ስር አድርጋችሁ ነቅንቁት። ውስጡ ፈሳሽ ከተንቦጫረቀ ተበስቷል ማለት ነው፤ የቱንም ያህል ብታስተካክሉት አይሠራም።

ሁለተኛው፣ የተደፈነ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ያለው የናስ ቁራጭ) በብረት ሽቦ ይጠረግ የተባለው ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ናስ ለስላሳ ነው፤ ሽቦ ቀዳዳውን ይቧጭረዋል፣ ያሰፋዋልም። በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፉት፣ ከዚያ በኮምፕሬሰር አየር ንፉት። ጄቱን ስትፈቱም አፉ ላይ ልክ የሚገባ ካቻቢቴ ተጠቀሙ። የጠበበ ካቻቢቴ የጄቱን አፍ ይበላዋል።