ሩጫን ከሩጫ ነፃ ያወጡ ጀግኖች

ዛሬ እንኳ እስቲ ራሳችንን እናመስግን። ሌላው ዓለም ሩጫ ሲያዘጋጅ ምን ያደርጋል? ሰው ይሰበስባል፣ ሽጉጥ ይተኩሳል፣ ሰዉ ይሮጣል፣ አለቀ። ምን ዓይነት ድርቅና ነው! እኛ ግን ከታላቁ ሩጫ ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ቀነስን። ሩጫውን። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው።

ኃይሌ ገብረሥላሴ ነገሩን በኅዳር 1994 ዓ.ም. ሲያስጀምረው ተሳታፊው 10 ሺህ ሰው ነበር። ራሱ ሮጠ፣ ራሱ አሸነፈ። ያኔ ገና አልገባንም ነበር። (ኃይሌ ደግሞ መሮጥ ይወዳል። ሰው የሚወደውን አይከለከልም።) ዛሬ ተሳታፊው ከ40 ሺህ በላይ ነው። ይህን ያህል ሰው በእሑድ ጠዋት ከአልጋው ወርዶ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ፀጉሩን ተሠርቶ፣ ላለመሮጥ አደባባይ ሲወጣ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

ዝግጅታችን ወራት ይፈጃል። ልምምድ እንዳይመስላችሁ። ቲሸርት ፍለጋ ነው። ምዝገባው ተጀመረ ሲባል እንሰለፋለን፣ አልቋል ሲባል ዘመድ እናስቸግራለን። ለዓመት በዓል ደውለንለት የማናውቀው አጎት ሳይቀር ይደወልለታል። «ጋሼ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ትርፍ ቲሸርት የለም?» ከተገኘ በኋላ ቲሸርቱ ወደ ልብስ ሰፊ ይሄዳል። ይጠባል፣ ያጥራል፣ እጅጌው ይቆረጣል፣ ጀርባው ይተለተላል። ለዚህ ሩጫ ላቡን የሚያፈሰው አንድ ሰው ቢኖር ልብስ ሰፊው ነው።

ቀኑ ሲደርስ መስቀል አደባባይ ነን። ከፊት ያሉት ሯጮች ይነሳሉ፣ አሸናፊው በ28 ወይም በ29 ደቂቃ ጨርሶ ይገባል። ምን አስቸኮለው? እኛ ያን ጊዜ መነሻው አካባቢ ነን። «ቆይ፣ ፀሐይዋ ከኋላ ናት፣ ዙሩ» እየተባባልን። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነው። እስቲ አስቡት። በዚያች ጊዜ ውስጥ የኛ ሰው ከንፈሩን እንኳ አሞጥሙጦ አይጨርስም።

ጎተራ ጋ አንድ ፈረንጅ አየሁ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ መሆናችንን ሳንባው ነግሮታል፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል። ግን ይሮጣል። ምስኪን፣ የሯጮች ሀገር መጣሁ ብሎ ነዋ። ክብ ሠርተው የሚጨፍሩ ልጆች መሀል ገባና መውጫ አጣ። አንዷ ትከሻውን ይዛ እስክስታ ታስተምረዋለች፣ ሌላው በቲክቶክ ቀጥታ ያስተላልፈዋል። ሰውየው የእጅ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ሰው ደስታ ላይ ሆኖ ሰዓት ማየት ነውር መሆኑን ማን ይንገረው።

ፍጥነት የለንም እንዳትሉ ግን። ውሃ የሚታደልበት ጋ ስንደርስ እዩን። ያቺን ሃያ ሜትር ያያት አሠልጣኝ ሁሉ ለኦሊምፒክ ይመርጠናል። ቤታችን ውሃ በፈረቃ የምትመጣ ሰዎች፣ እዚያ አንዱን ጠርሙስ ከፍተን ሁለቴ እንጎነጭና የቀረውን ጓደኛችን አናት ላይ እንደፋዋለን። ሌላ እንወስዳለን። ባዶውን ሃይላንድ አስፋልቱ ላይ ጣል። ከኋላችን ደግሞ መጥረጊያ የያዙ እናቶች ይመጣሉ፣ በነጠላ ተሸፋፍነው፣ ጎንበስ ብለው። እነሱም ያንኑ መንገድ ይጨርሱታል። ቲሸርት የላቸውም። ሜዳሊያም አልተሰጣቸውም። ስላልተመዘገቡ ይሆናል።

አንድ እውነት ልናገር። ያ ቀን ደስ ይለኛል። መኪና የሌለበት አስፋልት መሀል ላይ እንደ ልብ መሄድ፣ ዓመቱን ሙሉ በሆድ የያዙትን በዜማ «ሆ» ብሎ መተንፈስ፣ በዚች ከተማ ሌላ ቀን አይገኝም። እኔን የሚያስቀኝ ማታ ላይ «ሮጥኩ» የምንለው ነው።

ስለራሴ ስናገር 10 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ጨረስኩ። አትሳቁ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ነው የፈጀበት። ልዩነታችን አምስት ደቂቃ አይሞላም። እርግጥ እሱ የሮጠው 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፣ ያውም በባዶ እግሩ። ግን እሱ መንገድ ላይ ማኪያቶ አልጠጣም።

ዋናው ውድድር የሚጀመረው ከመጨረሻው መስመር በኋላ ነው። የነቢያት ጾም ካልገባ ቁርጥና ድራፍት፤ ከገባም በያይነቱ አለ። 800 ካሎሪ ያላቃጠለ ሰው ለሦስት ቀን የሚበቃውን አስገብቶ ሲነሳ «ስፖርት እኮ ያስርባል» ይላል። ሰኞ ቢሮ ደግሞ እያነከሰ ይገባል። ሜዳሊያው አንገቱ ላይ ነው። ደረጃው ጋ ሲደርስ ቆም ብሎ «ኧኸኸ፣ ትናንት እኮ…» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ልጅቷ ከእንግዳ መቀበያው «አይዞህ፣ በርታ» ትለዋለች። እሷም ትናንት እዚያው ነበረች፤ ጎተራ ጋ አብረው ነው የጨፈሩት። አንዱ የሌላውን ጉድ አያወጣም። እንዲህ ያለ መደጋገፍ ሌላ ስፖርት ላይ አይገኝም።

እኔም ሜዳሊያዬን አንጠልጥዬ እናቴ ቤት ሄድኩ። እማዬ ደራርቱ ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ እልል ብላ ጎረቤት ያስነሳች ሴት ናት። ሩጫ ማለት ለእሷ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ነው። አየችኝና ፊቷ በራ።

«ስንተኛ ወጣህ ልጄ?»

«እማዬ፣ ይሄ እንደሱ አይደለም…»

«አምስተኛም ጥሩ ነው እኮ፣ ንገረኝ።»

«ወደ ሠላሳ ሺህ ምናምነኛ መሰለኝ።»

ዝም አለች። ሜዳሊያውን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ቀጥሎ የቲሸርቴን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ አሸት አሸት አደረገችው።

«ይሁን፤» አለች። «ያምናው መወልወያም አልቆ ነበር።»