በገዛ ቤቴ ቡና ተጋበዝኩ

ወገን፣ ዛሬ እንኳ ልተንፍስ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ገዛሁ። ውልና ማስረጃ ተፈራርመናል፣ ካርታው በስሜ ዞሯል፣ ብሩም ተከፍሏል። የምኖረው ግን አሁንም ጎሮ፣ በኪራይ ነው። ቤቴ ውስጥ ሰው አለበታ!

ሻጩ "ተከራዩ በወሩ መጨረሻ ይወጣል፣ ጨርሰናል" ብሎኝ ነበር። ደላላው አጠገቡ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ኮሚሽኑን ከሁለታችንም ተቀብሎ ላሽ አለ። ቁልፍ ልረከብ ስሄድ ተከራዩ በሩን ከፍቶ "ግባ ወንድሜ፣ ቡና ደርሷል" አለኝ። ቶናውን ጠጥቼ ወጣሁ።

ለካ ቤቱ መሸጡን የነገረው የለም። ጭራሽ ሻጩ የስድስት ወር ኪራይ በእጅ፣ ያለ ደረሰኝ ተቀብሎታል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መቀበልን ይከለክላል። ማን ሰምቶት?

ተከራዩ አዋጁን ስልኩ ላይ ጭኖታል። "ቤት ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል" አለኝ። እሺ፣ ሕግ ነው። ማስጠንቀቂያውን ጽፌ ወሰድኩለት። አልፈርምም አለ። ኪራዩስ? "እኔ የማውቀው ያከራየኝን ሰው ነው።"

መካሪው ደግሞ በዛ። "ቁልፉን ቀይር"፣ "መብራቱን ቁረጥበት"። ያን ባደርግ "ሁከት ይወገድልኝ" ብሎ እኔኑ ይከሰኛል። ካርታ አለኝ ብዬ ሰው በጉልበት ላስወጣ አልችልም። የሚያስወጣው ፍርድ ቤት ነው። እሱ ደግሞ ጠበቃ፣ ቀጠሮ፣ ሌላ ቀጠሮ፣ ከፈረደልህም በኋላ አፈጻጸም። አይበልባችሁ። ሕጉን ግን አልቃወምም። የጎሮው አከራዬ ነገ ተነስቶ ቁልፍ ቢቀይርብኝ የማለቅሰው እኔ ነኝ።

እውነት ለመናገር ሰውየው ላይም ብዙ አልፈርድም። ልጆቹ እዚያው ሰፈር ይማራሉ። የከፈለውን ብር ማን ይመልስለታል? ሻጩ ግን! ውላችን ላይ ቤቱን ከሰው ነፃ አድርጎ ሊያስረክበኝ በግልጽ ተጽፏል። የእኔንም የተከራዩንም ብር ኪሱ ከቶ ስልክ አያነሳም። መጀመሪያ የምከሰው እሱን ነው። ተከራዩንም ምስክርነት ጠይቄዋለሁ፣ "ደስ ይለኛል" ብሏል። እስቲ አሁን ይሄ ጠላት ነው ወዳጅ?

ትናንት ደላላው ደወለ። ሊያስማማን መስሎኝ ልቤ ደስ አለው።

"ቤቱን ልትሸጠው ካሰብክ ጥሩ ገዢ አለኝ" አለኝ።